ከእጅ እስከ ብረት አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር

አስቀድሜ በነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች ልናገር። ስም አልጠራም። ሁሉም በሕይወት አሉ፣ እኔም ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁም፤ ስለዚህ በሥራቸው ይታወቁ።

አንደኛው ሃጁ ናቸው፤ በካርቱም ባሕሪ የኢንዱስትሪ ሰፈር የአሉሚኒየም ዕቃ የሚሠራበት ወርሻ ባለቤት። ሳቃቸው ከሳቸው ቀድሞ በር ይገባል። ሁለተኛው በያጁ ነው፤ ሱዳናዊ፣ የኔ እኩያ፣ ዘጠኝ ተኩል ጣት ያለው። ግማሹ የት እንደ ቀረ ወደ ኋላ ይመጣል። ሦስተኛዋ የወሎ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመት ካፉሪ ውስጥ በሰው ቪላ ስትሠራ፣ ከወጥ ቤት ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ስታድር ኖራ፣ አሁን ሳጃና የራሷን ክፍል ተከራይታ የራሷን ቁልፍ በአንገቷ ያንጠለጠለች። አራተኛዋ ልጄ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ የምትማር፣ ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ያለ ዓረብኛ አንድ እርምጃ የማይሄድ። አምስተኛው እኔ ነኝ።

ስድስተኛው ሰው አይደለም። መክበሱ ነው። መክበስ የምንለው ክብ የአሉሚኒየም ዝርግ ተቀብሎ፣ ከላይ በሚወርድ ከባድ ብረት ጨፍልቆ፣ ሲኒያ አድርጎ የሚመልሰውን መኪና ነው። ሲኒያ ደግሞ ሱዳኖች ዙሪያውን ከብበው ፉላቸውን የሚበሉበት ትልቅ ትሪ ነው። መክበሱን ከሰዎቹ ጋር የቆጠርኩት በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ቀን ያልዋሸ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

እኔ ከአገር ስወጣ የያዝኩት ስምንተኛ ክፍልን ነበር። የቀረውን ያስተማሩኝ የተበላሹ ቬንቲሌተሮች፣ አንድ የተቀደደ መዝገበ ቃላትና ሰዎች የጣሏቸው የመኪና መመሪያ መጻሕፍት ናቸው። ወርሻው ውስጥ «ባሽሙሐንዲስ» ይሉኛል፤ ዋና መሐንዲስ እንደ ማለት ነው። ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን ቀልድ አልወድም ነበር። ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት በአንድ ቃል ነው፦ ያልለካሽውን አትናገሪ። እንጀራው ስንት ቀረ ብላት እንኳ «ትንሽ» ማለት አይፈቀድላትም።

አንድ ቀን ሃጁ ከዱባይ በመጣ አሮጌ ዕቃ መካከል የብርሃን መጋረጃ አገኙ። መጋረጃው ሁለት ዘንግ ነው፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይቆማል፤ በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ብርሃን እንደ ሸማ ድር ይዘረጋል። ጣት ያንን ድር ሲያቋርጥ መጋረጃው መኪናውን «ቁም!» ይለዋል። ሃጁ ዕቃውን በጨርቅ እየወለወሉ፣

«ያ ባሽሙሐንዲስ፣ ይህን መክበሱ ላይ ለምትሠራው ለወሎዋ ልጅ ግጠምላት። አንድ ግማሽ ጣት ይበቃኛል፤ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ።

«ሃጅ፣ ግማሽ ጣት ያልከው እኔን ነው?» አለ በያጁ።

«ታዲያ ሌላ ግማሽ የት አለኝ?»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልንገራችሁ። የብርሃን መጋረጃ እጅን አይከለክልም። እንደ በር አይዘጋም፣ እንደ አጥር አይገፋም። መናገር ብቻ ነው የሚችለው። መኪና ደግሞ እንደ ልጅ ነው፤ ቁም ስላላችሁት ወዲያው አይቆምም። ፍሬኑ እስኪይዝ፣ ብረቱም እስኪረጋ ትንሽ ይወርዳል። እጅም በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ መጋረጃው ከብረቱ መራቅ አለበት። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። መመሪያው የሰው እጅ በሴኮንድ ሁለት ሜትር ይሄዳል ብላችሁ አስሉ ይላል። በአንድ የሴኮንድ መቶኛ ሁለት ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የኛ መጋረጃ ጣትን የሚለይ ዓይነት ስለነበረ ሌላ የሚጨመር አልነበረም። መኪናው ለመቆም ስንት መቶኛ እንደሚፈጅበት ማወቅ፣ ያንን በሁለት ማባዛት፣ ከዚያ ሜትር ይዞ መለካት ነው።

ለመለካት ልጄን አመጣኋት። ስልኳ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ምስል ያነሣል። መጋረጃው ሲቋረጥ የምትበራ ትንሽ አምፖል አሰርኩ፤ እሷ ቀረጸች፤ መብራቱ ከበራበት ምስል ብረቱ እስከ ቆመበት ምስል ድረስ አንድ በአንድ ቆጠርን። ዐሥር ጊዜ ደጋገምን። የረዘመው ሃያ አራት ምስል ሆነ፤ ዐሥር መቶኛ ማለት ነው። መጋረጃው ራሱ ለማየትና ለመናገር የሚፈጅበትን ሦስት ጨመርኩ፤ ዐሥራ ሦስት። ሲባዛ በሁለት፣ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር።

ይህን ሁሉ የሠራነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የሃጁ ልማድ ነው፦ በዚያ ወርሻ አዲስ ነገር የሚጀመረው ከፈጡር በፊት፣ ባረካ ባለበት ሰዓት ነው። ፈጡር የሱዳን ሠራተኛ አራት ሰዓት ገደማ የሚበላው ቁርስ ነው። አዲስ ሠራተኛ የሚቀጠረው፣ አዲስ ፎርማ፣ ቅርጽ ማውጫው ብረት፣ የሚሞከረው፣ ብድርም የሚጠየቀው ከዚያ በፊት ነው። እኔም ልማዱን ወድጄው ነበር። አእምሮ ጠዋት ንጹሕ ነው እያልኩ ልጄን ስመክር ኖሬአለሁ።

ይበቃል ብዬ ለሃጁ ምዬላቸው መጋረጃው በሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ላይ ተበየደ። ለሙከራ በያጁ ዐጁር አመጣ፤ የኛ ክንድ የሚያህል ረጅም ኪያር ነው። የወሎዋ ልጅ መክበሱን በእግሯ ረግጣ አስነሣች፤ ብረቱ ሲወርድ ዐጁሩን በመጋረጃው አሳልፋ ወጋች። ብረቱ አየር ላይ ቀጥ አለ። ዐጁሩ አልተጫረም።

በያጁ አንሥቶ አገላብጦ አየው። «ይህ ዐጁር ከኔ የተሻለ ዕድል አለው» አለና ገመጠው።

የወሎዋ ልጅ እልል አለች። ሃጁ ለሁሉም ፈጡር ገዙ። እኔም ለልጄ በዚያው በሲኒያው ዙሪያ ስለ ልክ አስፈላጊነት ረጅም ምክር ሰጠኋት። ፉሉ ቀዘቀዘ።

ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። የወሎዋ ልጅ በቀን ዘጠኝ መቶ ሲኒያ ታወጣለች። ክንዷ አጭር ነው፤ ሰውነቷም ትንሽ ነው፤ ግን ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ለሷ ልክ ነበር። ዝርጉን አሳልፋ ፎርማው ላይ ታስቀምጣለች፣ እጇን ታወጣለች፣ ትረግጣለች። «ጋሼ፣ ይህ መጋረጃህ ከካፉሪዋ መዳም ይሻላል» ትለኝ ነበር። «እሷም ቁም ትላለች፤ ግን ምክንያት የላትም።»

ከዚያ አንድ የግንቦት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄ ከፈተና ወጥታ ወደ ወርሻው መጣች። የወርሻው ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ምጣድ ግሏል። ጥላ ፍለጋ ወደ መክበሱ ጎን ሄደችና በልማድ እጇን የፍሬኑ ሽፋን ላይ ጣል አደረገች። ወዲያው ጮኻ አነሣችው።

«ያባ! ይሄ ነገር ሐር ነው!» በዓረብኛ ትኩስ ማለቷ ነው።

«ብረት ነው፤ ግንቦት ነው። ይግላል» አልኳት።

«ጠዋት ስንለካ ግን ባርድ፣ ቀዝቃዛ ነበር። አሁን ሲግል ፍሬኑ እንደ ጠዋቱ ይይዛል?»

«ይይዛላ።»

ዓይኔን አየችው። «ለክተኸዋል?»

ሃያ ዓመት የዘራሁት ቃል በቅሎ ተመለሰብኝ። ተቆጣሁ፤ አልዋሽም። ፈተናው እንዴት እንደ ነበር ጠየቅኋት፣ ሻሽሽን አስተካክዪ አልኳት፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አያናግሩም አልኳት። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ቆማ ጠበቀች። አምፖሏ አሁንም እንደ ታሰረች ናት። ቀረጽን።

አርባ አንድ ምስል። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ቆጠርኩ። አርባ አንድ። ሦስተኛ ጊዜ የቆጠርኩት ለእውነት ብዬ አይደለም፤ እንዲሳሳት ፈልጌ ነው። አልተሳሳተም። ዐሥራ ሰባት መቶኛ፣ ሦስት ሲጨመር ሃያ፣ ሲባዛ በሁለት አርባ ሳንቲ ሜትር። እኔ ሃያ ስድስት ላይ ገጥሜዋለሁ። ያቺ የወሎ ልጅ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሌለ ጥበቃ ተማምና እጇን ስትሰድድ ሦስት ሳምንት ከርማለች።

መጀመሪያ ያደረግሁት መልካም ነው፤ ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ሁለተኛው ያደረግሁት መልካም አይደለም፤ «ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ነገ እቀይራለሁ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቀድሜ ልብሴን አጥባለሁ» ብላ የወሎዋ ልጅ እየሳቀች ወጣች።

ወደ ሳጃና በሐፍላ ስንመለስ ልጄና እኔ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ይቆረቁረኛል። አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ያሰብኩትን እጽፋለሁ፤ ሰው ስለ ራሱ ካልተናገረ ሌላውን መምከር የለበትም። ዝም ብልስ? ብዬ አሰብኩ። ክብሬን ብቻ አልነበረም ያሰብኩት። መጋረጃው ወደ አርባ ከተገፋ ያ አጭር ክንድ ፎርማው ላይ አይደርስም። ሃጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ነጋዴ ናቸው፤ በሷ ቦታ ክንደ ረጅም ያቆማሉ። እሷም ቁልፏን ከአንገቷ አውልቃ ካፉሪ ትመለሳለች። እውነቱን የምናገር እኔ፣ የምትከፍል እሷ።

ልጄ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ያባ፣ ክንዷ አይደርስም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንናገራለን።»

ድልድዩ አልቆ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከፈጡር በፊት፣ ሁሉንም መክበሱ ፊት ሰበሰብኩ። ፊውዙን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «ይህ አልተቃጠለም። ትናንት ዋሽቻለሁ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ጠዋት መለካቴን፣ ፍሬኑ ሲግል መንሸራተቱን፣ ሃያ ስድስቱ አርባ መሆን እንደ ነበረበት። ለፍሬኑ እርጅና ደግሞ ሁለት ጨምሬ አርባ ሁለት አልኩ። «ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ናት» አልኩ።

ሃጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቁ አዩኝ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ሃያ ስድስት ብለህ ምለህልኝ አልነበረም?»

«ምዬ ነበር።»

የተናገረው በያጁ ነው። አጭሩን ጣቱን እያየ፣ በቀልድ ያልሆነ ድምፅ፣ «የኔም የሄደው ከሰዓት በኋላ ነው» አለ። «ከዙህር ሶላት ተመልሼ።»

ይህ ሰው በዚህ መክበስ ላይ ሲሠራ ጣቱን ያጣው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። እንዴት ሄደ ብሎ ያልጠየቀው የለም። መቼ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስለ ርቀቱ የተከራከረ የለም። በያጁ ዘንጎቹን ቆርጦ አርባ ሁለት ላይ በየዳቸው። የወሎዋ ልጅ ቀረበች፤ ዝርጉን ይዛ ክንዷን ዘረጋች። በጣቷ ጫፍ ቆማ፣ ትከሻዋን ገፍታ ሞከረች። አራት ጣት ያህል ጎደላት። እንደገና ሞከረች። አሁንም አራት ጣት።

ሃጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አርካዊት የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ… ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት ነው…»

«ሃጅ፣» አለች፣ «የስልክ እንጨት ከፈለጉ መንገድ ላይ ሞልቷል። ዘጠኝ መቶ ሲኒያ ግን አያወጣም።»

ሳቁ። ግን ቃላቸውን አልመለሱም። እሷም አየች፤ ቁልፏን በጣቷ ያዝ አደረገችው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አራት ሰዓት ሊሆን ስለ ነበር እንደ ወትሮው ለፈጡር ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ዳቦ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ደርሶ መመለስ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሩብ ሰዓት ቆየች። ፉሉ መጣ፣ ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ እሷ የለችም። ተቀይማ ሄደች ብዬ ልነሣ ስል በሩ ላይ ድምፅ ሰማን።

ዳቦውን በከረጢት በግራ እጇ ይዛለች። በቀኝ ትከሻዋ ላይ ጋጋሪዎች ዳቦ ወደ ምድጃ የሚያስገቡበትን ባለ ረጅም እጀታ የእንጨት አካፋ ተሸክማለች። ከኋላዋ በዱቄት የነጣ ዳቦ ጋጋሪ እጁን እያወናጨፈ ይከተላታል።

«ያ ጀማዓ! አካፋዬን መልሱልኝ! ለመለካት ብላኝ ወጣች!»

«ለመለካት ነው ያልኩህ፤ አሁን እንለካለን» አለችው። ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ እሳት ውስጥ ዳቦ ያስገባል። እጁ ግን ተቃጥሎ አይተህ ታውቃለህ? እጁን አያስገባማ! አካፋውን ነው የሚያስገባው። እኔ ለምን እጄን አስገባለሁ?»

ፊውዙን መለስኩላት፤ ዝርጉን አካፋው ላይ አኖረች፣ በመጋረጃው አሳልፋ ፎርማው ላይ ገልበጥ አደረገችው፣ አካፋውን አወጣች፣ ረገጠች። ዱም! ሲኒያ። በአካፋው ጫፍ ሳብ አደረገችና ጭኗ ላይ ተቀበለችው።

ዳቦ ጋጋሪው አፉን ከፍቶ፣ «ወላሂ ይቺ ልጅ ጋጋሪ ናት» አለ።

እኔ፣ መዝገበ ቃላትና መመሪያ ይዤ ሌሊት የማድር ሰው፣ መጋረጃውን ማራቅ ብቻ ነበር የታየኝ። ክንድ ማስረዘም እንደሚቻል አልታየኝም። ለሷ የታያት ዳቦ ለመግዛት ስትሰለፍ ነው። ፉላችን እንደገና ቀዘቀዘ፤ በዚህኛው ጊዜ በኔ ምክር አይደለም።

በያጁ ለአካፋው አጠር ያለ እጀታና ከጫፉ ሲኒያ የሚይዝ የአሉሚኒየም ጠርዝ ሠራለት፤ ለጋጋሪውም ምትክ ተገዛ። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። በመጋረጃውና በመክበሱ መካከል አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍት ሆነ፤ ቀጭን ሰው በጎን ገብቶ መጋረጃው ሳያየው ሊቆም ይችላል። ይህን ስናገር እሷ ገብታ ቆመች።

«ትበቃኛለች» አለች። «ሃጅ፣ የዚህች ክፍል ኪራይ ስንት ነው?»

«መብራት ስላላት ውድ ናት» አሉ ሃጁ።

እንድትወጣ ጮኽኩባት፤ ፊውዙ እንደገና ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ቢሆንም ጮኽኩባት። ክፍተቱን በሁለቱም ጎን በብረት ዘጋነው።

ሙከራው ከፈጡር በፊት አልተደረገም። ሃጁን ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አስጠበቅኋቸው። ሠላሳ ዓመት ያልተጣሰ ልማድ ስለሆነ ፊታቸው ተኮሳተረ፤ ከዚያ፣ «አላህ ከሰዓትም አይተኛም» ብለው ወንበራቸውን ወደ መክበሱ አስጠጉ። ቀኑን ሙሉ ሲኒያ አወጣች። ፍሬኑ እጅ የማያስነካ ሆነ። በያጁ አዲስ ዐጁር አመጣ፤ በእጁ ይዞ በመጋረጃው በኩል ፈጥኖ ሰደደው። ብረቱ ቆመ። ዐጁሩ ገና ከሥሩ አልደረሰም ነበር። ልጄ ቀርጻ ቆጠረች፦ አርባ አንድ ምስል።

«ጎበዝ» አልኳት፣ ሰው ሁሉ በሰማበት።

ስልኳን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ያባ፣ ታምመህ ነው?»

እንዲያ የሳቅነውን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ከተማው ከዚያ ወዲህ በጦርነት ተበትኗል፤ አሁን ደግሞ ጥቂት በጥቂት እየተሰበሰበ ነው። እኔ ሳጃና ተመልሻለሁ። የወሎዋ ልጅ ገዳሪፍ ናት፤ በስልክ ስትደውል ከሰላምታ በፊት «ዐሥሩም አሉ፣ ጋሼ» ትለኛለች። እኔም ለማጣራት «ቆጥረሻቸዋል?» እላታለሁ።

ያን ዕለት የቀረው ክርክር አንድ ነበር። በአካፋ መሥራት ከእጅ ይዘገያል። ልጄ ለካችው፤ በእያንዳንዱ ሲኒያ ሁለት ሴኮንድ። ሃጁ በመቁጠሪያቸው አሰሉት። ዘጠኝ መቶ ሲኒያ፣ ሁለት ሁለት ሴኮንድ። ከወንበራቸው ተነሡ።

«ግማሽ ሰዓት! በየቀኑ ግማሽ ሰዓት!»

«የኔ ጣት ጊዜ ወርሻው ስንት ቀን ተዘጋ?» አለ በያጁ።

«ሦስት።»

«አንተስ ሐኪም ቤት ደጃፍ አላለቀስክም?»

«አላለቀስኩም!»

«አልቅሰሃል፣ ወላሂ። እኔ ነኝ ያባበልኩህ፤ በደኅናው እጄ።»

ሃጁ ተቀመጡ። ተደራደርን። ሠራተኛው ከፈጡር በኋላ ከሚጠጣው ሻይ ሩብ ሰዓት ሰጠ፤ ይህን ለማስፈቀድ በያጁ ከሁሉም ጋር ተጣላ፤ ለራሱም ሁለተኛውን ብርጭቆ ተወ። ሌላውን ሩብ ሃጁ ከሲኒያቸው ቁጥር ላይ ተዉት። የወሎዋ ልጅ ቁልፏ አንገቷ ላይ ቀረ። እኔ ያጣሁት ምሎ የመናገር ልማዴን ነው፤ እሱን በሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።

ለሁላችንም የወጣው ዋጋ ሲደመር በቀን ግማሽ ሰዓት ነበር።